ባሌት ተምራ ብሮድዌይ የነገሠችው ቺታ ሪቬራ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቺታ ሪቬራ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ባሌት ስትማር አድጋ በኋላ የኒውዮርክ ትልቁ የቴአትር ሰፈር የሆነው የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር ኮከብ የሆነች፣ በ2024 በ91 ዓመቷ ያረፈች አሜሪካዊት ናት። ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የመጣው ደብዳቤ ግን ብዙ ነው። በተለይ ልጆቻቸውን ዳንስ የሚያስተምሩ ወላጆችና ራሳቸው መድረክ ላይ ያሉ ወጣቶች ጽፈውልኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ባሌት ስናስተምራት ቆይተናል። አባቷ ሌሊት ሠርቶ አድሮ ቅዳሜ ጠዋት ሳይተኛ ነው የሚያመላልሳት። የክፍያውንማ ይተዉት። አሁን በትምህርት ቤቷ አንድ ሚውዚካል (ሙዚቃዊ ቴአትር) ላይ ተሳትፋ መጣችና «ባሌት በቃኝ፣ እኔ የምፈልገው መዝፈንም መተወንም ያለበትን ነው» አለችን። አባቷ ተቀይሟት ሊያናግራት አልፈለገም። ለመሆኑ ያቺ ቺታ ያሏት ሴት ባሌቱ አልሆን ብሏት ነው ወይስ ወዳ ነው የተወችው? የእኛስ 10 ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃ የበላው ነገር የለም። ለባለቤትዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ። ቺታም ባሌቱ አልሆን ብሏት አይደለም የተሻገረችው። ታሪኩን ከሥሩ ላጫውትዎት፤ ለእናንተ ሰፈርም ቅርብ ነው።

የተወለደችው እዚያው እናንተ አጠገብ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1933 ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ዶሎሬስ ኮንቺታ ፊጌሮዋ ዴል ሪቬሮ ነው። አባቷ የፖርቶ ሪኮ ሰው፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ባንድ ውስጥ ክላርኔትና ሳክስፎን የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር። ልጅቷ 7 ዓመቷ ሳለ ሞተ። እናቷ ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ቀረች፤ ፔንታጎን ተቀጥራ ነው ያሳደገቻቸው። ቺታ ደግሞ አንድ ቦታ አርፋ የማትቀመጥ፣ ከሶፋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ ስትዘል የምትውል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እንዲሁ ስትዘል የሳሎኑን ጠረጴዛ ሰበረችው። ሌላ እናት ብትሆን በቁንጥጫ ነበር የምታስታግሳት። ይቺ እናት ግን እጇን ይዛ ባሌት ትምህርት ቤት ወሰደቻት።

ትምህርት ቤቱ ጆንስ-ሄይዉድ ይባላል። ዶሪስ ጆንስና ክሌር ሄይዉድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች በ1941 የከፈቱት ነው። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ልጅ የነጮቹ ባሌት ክፍል ድርሽ አይልም ነበር። ዶሪስ ጆንስ ራሷ ቦስተን ስታድግ ይኸው ደርሶባታል፤ ባሌት የሚያስተምራት ያገኘችው በምላሹ ታፕ ዳንስ (በጫማ ወለሉን እያንኳኩ የሚደነሰውን) እያስተማረች ነው። በሯ የተዘጋባት ሴት ናት እንግዲህ ለሌሎች ልጆች በር የከፈተችው። ቺታ በስተርጅናዋ ስለ ራሷ ስትናገር እንኳ ከዚህች መምህር ስም አትርቅም ነበር።

ቺታ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ሳለች ወይዘሪት ጆንስ እሷንና ሉዊስ ጆንሰን የሚባለውን ሌላ ተማሪዋን ይዛ ኒውዮርክ ሄደች። የሚፈተኑት ጆርጅ ባላንሺን ባቋቋመው የአሜሪካ ባሌት ትምህርት ቤት ነው። የዚያን ጊዜ ባላንሺን ማለት በአሜሪካ ባሌት ከሱ በላይ ሰው የሌለ ነው። ልጅቷ ፈተናው ላይ እየደነሰች እግሯ ውሃ ቋጥሮ ኖሮ ፈነዳ። ደም ይፈሳል። እሷ አላቆመችም። ያየው ባላንሺን ነው፤ ቢሮው ወስዶ አስቀመጣትና የእግር ሹራቧን ቀድዶ በገዛ እጁ ፕላስተር ለጠፈላት። ይቺን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ልቤን ትነካኛለች። ያ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የአንዲትን የማይታወቅ ልጅ ቁስል ሲያሽግ! ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች፤ ብሮንክስ ዘመድ ቤት ተቀምጣ መማር ጀመረች።

ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር የገባችበት መንገድ ደግሞ አጋጣሚ ነው። በ1952 አንዲት ጓደኛዋ «ኮል ሚ ማዳም» ለሚባለው ትርኢት ልትፈተን ስትሄድ ፈራችና ቺታን «አብረሽኝ ነይ» አለቻት። ቺታ አብራ ሄደች፣ እዚያው ተፈተነች፣ ተመረጠችም። በየከተማው እየዞረ ለሚታየው ቡድን ተቀጠረች። የዚያ ትርኢት ዳንስ የማን እንደነበር ልብ ይበሉልኝ፦ የጀሮም ሮቢንስ ነው። ሮቢንስ በዚያው ጊዜ ባላንሺን በሚመራው ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ውስጥ ዋና ሰው ነበር። ጠዋት ባሌት የሚያዘጋጀው ሰው ማታ ብሮድዌይ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ ሁለት የኒውዮርክ ወጣት ቡድኖች ጠብ የሚተርከውን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን የሠራውም እሱ ነው፤ ቺታን አኒታ የምትባለውን የፖርቶ ሪኮ ልጅ አድርጎ ከአሜሪካ ጋር ያስተዋወቃትም ያ ትርኢት ነው። ስለዚህ ልጅዎ አሁን ልትሻገር የፈለገችው ድልድይ አዲስ አይደለም፤ ብሮድዌይ ላይ ታላላቅ የሚባሉት የዳንስ አዘጋጆች ብዙዎቹ የባሌት ሰዎች ናቸው።

አንድ መራራ ነገርም አለ፣ ሳልነግርዎት አላልፍም። አብሯት የተፈተነው ሉዊስ ጆንሰንም ትምህርት ቤቱ ገብቷል። ድንቅ ዳንሰኛ ነበር። በ1952 ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት በእንግድነት ሮቢንስ ባዘጋጀው ሥራ ላይ አስደነሰው እንጂ ቋሚ አባል አላደረገውም። ጥቁር ነበራ። እሱም ፊቱን ወደ ብሮድዌይና ወደ ፊልም አዞረ፤ «ዘ ዊዝ» የተባለውን የ1978 ፊልም ዳንስ ያዘጋጀው እሱ ነው። ሰው ከባሌት የሚወጣው ስለወደቀ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ቤቱ ራሱ ጠባብ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልመለስ። ልጅዎ «ባሌት በቃኝ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ቁጭ ብለው ይጠይቋት። የባሌት መድረክ ሕይወት በቃኝ ከሆነ ያለችው፣ ልክ ናት፣ ትሂድ። ክፍሉን ጨርሶ ልተው ከሆነ ግን አይፍቀዱላት፤ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ትቀጥል። ሙዚቃዊ ቴአትር የሚያስተምሩ ኮሌጆች ሲፈትኑ ዘፈንና ትወና ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ ዳንስም አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ አሥር ዓመት ባር (የባሌት ተማሪ ሲለማመድ የሚይዘውን አግዳሚ) ይዛ የቆመች ልጅ ገና ስትገባ ትታወቃለች። አቋቋሟ፣ ስትዞር ዓይኗን የምትተክልበት፣ የታየችውን እንቅስቃሴ አንዴ አይታ መያዟ። ይሄ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ እናንተ ግን ገዝታችሁላታል። የጎደላት የድምፅ ትምህርት ነው፤ የባሌቱን ሰዓት ቀንሳችሁ እሱን ጨምሩላት።

ለአባቷ ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። እዚያ ትምህርት ቤት ሚውዚካል ሲኖር ይሂድና ይያት። አሥር ዓመት የነዳው ለዚህ ነው።

ቺታ ብቻዋንም አይደለችም። ናታሊያ ማካሮቫ ከሌኒንግራድ ኪሮቭ ባሌት ወጥታ፣ የዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ ደንሳ፣ በ1983 በብሮድዌይ ሚውዚካል የቴአትሩን ትልቅ ሽልማት ቶኒን ወስዳለች። ሮበርት ፌርቻይልድ የኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ዋና ዳንሰኛ ሆኖ ሳለ ነው በ2015 ብሮድዌይ ላይ የዘፈነው። ሚስቲ ኮፕላንድም በዚያው ዓመት የአሜሪካን ባሌት ቴአትር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ዳንሰኛ በሆነች በሁለት ወር ውስጥ «ኦን ዘ ታውን» ላይ ወጥታ ዘፍናለች፣ ተውናለች። ተሻግሮ መመለስም ይቻላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም ነሽ? የምጽፍልሽ ከአዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ነው። ዘመናዊ ዳንስ እሠራለሁ። እኔን የሚገርመኝ ዳንሱ አይደለም፣ ድምፁ ነው። ልጅነቷን ሙሉ አፏን ዘግታ ስትደንስ የኖረች ሴት እንዴት ተነስታ ትዘፍናለች? ድምፅ ተፈጥሮ አይደለም እንዴ? እኔ ስደንስ ለመዝፈን ሞክሬ ሁለተኛው መስመር ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትንፋሽህ ቁርጥ የሚለው ድምፅ ስለሌለህ አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች ሰውነትህን ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚጎትቱት ነው።

ዳንሰኛ በተለይ ባሌት የተማረ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ ጎኑን ጨብጦ፣ ትንፋሹን ላይ ላዩን አድርጎ ነው የሚቆመው። ፊቱ ላይ ድካም መታየት የለበትም። ዘፋኝ ግን ተቃራኒው ነው። ትንፋሹ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ሆዱ ለቀቅ፣ የጎን አጥንቱ ከፈት ማለት አለበት፤ ጉሮሮ ከተጨበጠ ድምፁ ይታነቃል። ስለዚህ ባሌት ያደገ ሰው ዘፈን ሲጀምር መጀመሪያ የሚማረው መዝፈን አይደለም፣ መልቀቅ ነው። ጀርባው ቀጥ እንዳለ ሆዱ እንዲለቅ። ይሄ ወራት ይፈጃል። ከዚያ እየተራመዱ መዝፈን፣ ከዚያ ደረጃ እየወጡ፣ ከዚያ ዳንሱን በግማሽ ጉልበት እየሠሩ። የዳንስ አዘጋጁም ብልህ ከሆነ ረጅም ኖታ የሚያዝበት ቦታ ላይ ዝላይ አያደርግብህም።

የቺታ ድምፅ ጣፋጭ የሚሉት ዓይነት አልነበረም። ሻከር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ግን አንዴ ከሰማኸው የማትረሳው ነው። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ አኒታ የምትዘፍነው አንድ ከባድ ዘፈን አለ፤ ፍቅረኛዋ ተገድሎባት የገዳዩ ወዳጅ የሆነችው ማርያ ላይ የምትጮህበት። ኖታው ይዘላል፣ ዜማው ለጆሮ አስቸጋሪ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ እሷን አጠገቡ አድርጎ አስጠንቷታል። ፈርታ ትንቀጠቀጥ እንደነበር እሷው ደጋግማ ተናግራለች። 24 ዓመቷ ነበር! የዚያ ትርኢት ልምምድ ስምንት ሳምንት ፈጅቷል፤ በጊዜው ከተለመደው እጥፍ ነው። ሮቢንስ በታሪኩ የሚጣሉትን የሁለቱን ቡድን ተዋንያን ለያይቶ፣ ምሳ እንኳ አብረው እንዳይበሉ አድርጎ ነበር የሚያሠራቸው፣ ጥላቻው መድረክ ላይ እውነት እንዲመስል። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1957 ሲከፈት ዳንሰኞቹ የሚዘፍኑ፣ ዘፋኞቹ የሚደንሱ፣ ሁሉም የሚተውኑ ሆነው ቀረቡ። ከዚያ በፊት በብዙ ሚውዚካሎች ዘፋኙ ሌላ፣ ዳንሰኛው ሌላ ነበር።

እኛም አገር እኮ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፈኑም ውዝዋዜውም ድራማውም ባንድ መድረክ የሚቀርብበት ቤት ነበር። አንተም አፍራለሁ እንዳትል፤ ጥሩ የድምፅ አስተማሪ ፈልግ፣ ካጣህ የቤተ ክርስቲያን ወይም የሙዚቃ ትምህርት ቤት መዘምራን መሪ እንኳ ትንፋሽ ማስተማር ይችላል። እስከዚያው ግን ዳንስህን ትተህ ቁጭ ብለህ አትዝፈን። እየተራመድክ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን በፊልም አይቼዋለሁ። ቺታ የምትባል ሴት የለችበትም፤ አኒታ ሆና የምትሠራው ሪታ ሞሬኖ ናት። ተሳስታችሁ ነው ወይስ?

መልስ፦ አልተሳሳትንም፣ አንተም አልተሳሳትክም። መድረኩ ላይ አኒታን የፈጠረችው ቺታ ናት፤ በ1961ዱ ፊልም የሠራችው ሪታ ሞሬኖ ናት፣ ኦስካርም ያገኘችበት። ሪታ ይገባታል፣ በዚህ ክርክር የለኝም።

የሚያሳዝነው ግን አንዴ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1960 ቺታ «ባይ ባይ በርዲ» ላይ ሮዝ ሆና ከተማውን ያዘችው፤ በ1963 ፊልም ሲሆን ለጃኔት ሊ ተሰጠ። በ1975 «ቺካጎ» ላይ ከግዌን ቨርደን ጋር ሆና ቬልማ ኬሊን ፈጠረች፤ በ2002 ፊልም ሲሆን ካተሪን ዜታ ጆንስ ሠራችው፣ እሷም ኦስካር ወሰደች። ለቺታ በዚያ ፊልም የደረሳት ብልጭ ብላ የምታልፍበት አንዲት ትንሽ ቦታ ናት። እሷ ባበጀቻቸው ሁለት ሴቶች ሁለት ሌሎች ሴቶች ኦስካር ተሸለሙ ማለት ነው።

ይሄን ስናገር ቅር ይለኛል፣ አልደብቅም። የፊልም ኩባንያ የሚፈልገው ሕዝቡ ከፊልም የሚያውቀውን ፊት ነው። መድረክ ላይ አንድን ሚና መጀመሪያ የምትሠራ ሰው ልብሱ በእሷ ልክ ነው የሚሰፋው፤ ዜማው በድምፅዋ ቁመት፣ ዳንሱ በእግሯ ርዝመት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሷ ልክ የተሰፋውን ነው የሚለብሰው። ግን መጋረጃው ሲዘጋ በዓይን ያየ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሄን አይቶ ከ1970 ጀምሮ የመድረክ ትርኢቶችን እየቀረጸ ያስቀምጣል፤ እዚያው ሄዶ ማየት ይቻላል። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሲከፈት ግን ይህ አልነበረም።

እሷ ሪታን ስትወቅስ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ ደግሞ ሰዉ ሁሉ እያምታታቸው፣ አንዷን በሌላዋ ስም እየጠራ ነው ያረጁት።

ጥያቄ፦ ባል፣ ልጅ፣ ምናምን ነበራት? ወይስ ለሙያው ብላ ሁሉን ትታ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ነበራት። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ አብሯት ይደንስ የነበረውን ቶኒ ሞርደንቴን እዚያው ትርኢቱ እየታየ አገባችው። ሊዛ የምትባል ልጅ በ1958 ወለዱ። የሚያስደስተኝ ምን መሰለሽ፣ ትርኢቱ ለንደን ሊከፈት ሲል አዘጋጆቹ እሷ ወልዳ እስክትነሳ ጠበቋት። የተከፈተው ዲሴምበር 1958 ነው። በዚያ ዘመን ለነፍሰ ጡር ዳንሰኛ ይህ ቀላል ክብር አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ስንቱ ቦታ ነው የሚጠብቅሽ? ትዳሩ በኋላ ፈረሰ። ሊዛም እንደ እናትና አባቷ የመድረክ ሰው ሆነች።

ጥያቄ፦ እትዬ እንዴት ነሽ? 23 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ ተወዛዋዥ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ስዘል ጉልበቴ ዞረብኝ። ወጌሻ አሸኝ፤ ትንሽ ሻል አለኝና ተመለስኩ፣ አሁን ግን ያብጣል፣ ደረጃ ስወርድ ከዳ ያደርገኛል። ባለቤቱ «ካልቻልሽ የሚተካሽ ሞልቷል» ይላል። ቺታ እግሯ ተሰብሮ ተመልሳ ደነሰች ብላችሁ ስለጻፋችሁ ተስፋ አደረግኩ። እንዴት አድርጋ ነው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ስለ ጉልበትሽ። የሚያብጥና ከዳ የሚያደርግ ጉልበት በማሸት አይድንም። ውስጡ ያለው ጅማት ወይም በአጥንቶቹ መሀል ያለው ስስ ነገር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የዞረን ጉልበት ደግሞ መጎተት የባሰ ሊጎዳው ይችላል። የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኤምአርአይ ካዘዘሽ ውድ ነው ብለሽ አትተይው፤ ከቤተሰብም ከጓደኛም ተበድረሽ አንሺው። እስከዚያ አትዝለይ። ማስታገሻ ውጠሽ ደግሞ ፈጽሞ መድረክ እንዳትወጪ፤ ሕመሙ የሚነግርሽ ነገር አለ፣ አፉን አትዝጊው።

የቺታ ነገር እንዲህ ነው። ኤፕሪል 1986 ኒውዮርክ መኪና ስትነዳ ከታክሲ ጋር ተጋጨች። ግራ እግሯ 12 ቦታ ተሰበረ። በብሎንና በብረት ነው የተያያዘው። 53 ዓመቷ ነበር። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው የባሌት ዳንሰኛ መደነስ ካቆመ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ብዙ ሰው በቃ አለቀላት ብሎ ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሳ «ካን ካን» የተባለውን ትርኢት ይዛ በየከተማው ዞረች። በ1993፣ 60 ዓመቷ ላይ፣ «ኪስ ኦፍ ዘ ስፓይደር ዉማን» ላይ ሸረሪቷን ሴት ሆና ሁለተኛውን ቶኒዋን ወሰደች። የመጀመሪያውን ያገኘችው ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1984 «ዘ ሪንክ» ላይ የሊዛ ሚኔሊ እናት ሆና ነው። በጠቅላላው ለቶኒ 10 ጊዜ ታጭታለች፤ በ2018 ደግሞ የሕይወት ዘመን ቶኒ ሰጧት። በ2003 አንቶኒዮ ባንዴራስ በሠራበት «ናይን» ላይ፣ 70 ዓመቷ፣ ከሱ ጋር ታንጎ ደንሳ አዳራሹን አስጮኸችው። በ2015 «ዘ ቪዚት» ላይ ስትሠራ 82 ዓመቷ ነበር።

እንዴት አደረገችው ላልሽው፣ እኔ እስከሚገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ልጅነቷን ሙሉ ከዶሪስ ጆንስ ዘንድ የተማረችው ነው። ባሌት የተማረ ሰው ከመሠረቱ መጀመር አያሳፍረውም፤ ባለ ዝናውም ጀማሪውም በየቀኑ ባር ይዞ ከጉልበት ማጠፍ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ሐኪሞቹ «እግርሽን ከዚህ እስከዚህ አንሺ» ሲሏት ያንን መቶ ጊዜ መድገም የምታውቀው ሕይወት ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥብኛል፦ የድሮዋን ቺታ ልሁን ብላ አልታገለችም። ዝላዩን ተወች። ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ እጇን፣ መቆሟን መጠቀም ጀመረች። የኋለኛውን ዘመኗን ቪዲዮ ብታዪ አንዲት ክንዷን ቀስ አድርጋ ስታነሳ ከኋላዋ የሚዘሉትን ወጣቶች ሁሉ ትረሺያቸዋለሽ። ዝም ብሎ መቆምም እኮ ዳንስ ነው፣ ለቻለበት። አንቺም እስክስታ የምትወርጂ ልጅ ነሽ፤ ትከሻና አንገት ያለ ዝላይ ምን እንደሚሠራ አንቺን ማስረዳት አይገባኝም።

እሷ ግን ጊዜ ወስዳ ነው የዳነችው። ከተሰበረችበት ቀን እስከተመለሰችበት ሁለት ዓመት። አንቺ በሁለት ሳምንት ነው የተመለስሽው መሰለኝ። ለሰውየው «ሐኪም አልፈቀደልኝም» በይው፣ ወረቀቱን አሳዪው። ቢተካሽ ይተካሽ፤ ሥራ ይገኛል፣ ጉልበት አይገኝም። ሐኪሙ ያለሽን ደግሞ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ያ ዋሽንግተን ያለው የባሌት ትምህርት ቤት አሁንም አለ? (ሁለት እናቶች ከዲሲ)

መልስ፦ አለ። ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ፣ ዴላፊልድ ፕሌስ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ወደ ሐበሻ ሱቅ ስትሄዱ በአጠገቡ ሳታልፉ አትቀሩም። ከዚያ ቤት የወጣው ቺታ ብቻ አይደለችም፤ ሂንተን ባትል የሚባል ሌላ ልጅም ነበር። ከጆንስ-ሄይዉድ ተነስቶ እንደ ቺታ የባላንሺን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ብሮድዌይ ላይ ሦስት ቶኒ የወሰደ። ሁለቱም ያረፉት በአንድ ቀን ነው፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2024፤ እሷ 91፣ እሱ 67 ዓመታቸው። ስለ ምዝገባና ክፍያ እነሱኑ ጠይቁ። የመግቢያ ዕድሜ አልፏል ብላችሁ ግን ሳትጠይቁ አትቅሩ፤ ቺታ ስትገባ 11 ዓመት ገደማ ነበረች፣ ለባሌት ዘግየት ያለ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቺታን ለማየት ከየት ልጀምር? (ከብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ በ1969 ከወጣው «ስዊት ቻሪቲ» ከተባለው ፊልም ጀምሩ። ቦብ ፎሲ ነው ያዘጋጀው። ዋናዋ ሸርሊ ማክሌን ናት፤ ቺታ ጓደኛዋ ኒኪ ናት። ሦስት ሴቶች፣ ሸርሊ፣ ቺታና ፓውላ ኬሊ፣ ሕንፃ ጣራ ላይ ወጥተው የሚደንሱበት ቦታ አለ። ቀሚስ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ንፋስ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት። ከዚያ መልሳችሁ የቺታን እግር ብቻ ተከተሉ። እግሯ ወደ ላይ ሲነሳ ወገቧ አይዛባም፣ ትከሻዋ አይነሳም፣ ፊቷ ላይ ትግል የለም፤ ልክ ባር ይዛ እንደቆመች ነው፣ እየሳቀችና እየዘፈነች። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፣ ይህንን ከልጅዎም ከአባቷም ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።